ክብ ፊርማ

«ሰውየው አቤቱታ አያነብም እያልኳችሁ ነው! መጀመሪያ የፈረመውን ያይና እሱን ያባርራል፣ አለቀ። አምና እንዲሁ የፈረመውን ልጅ አላባረረውም?»

ሬዲዮ ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ይደጋግማል። የክፍሉ ልጆች ሬዲዮ ያሉት ለዚሁ ነው፤ መዝጊያ የለውም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ለዳይሬክተሩ የተጻፈ ነው። ከቅጥነቷ የተነሣ ጭራሮ የሚሏት ልጅ የታመመች እናቷን ስታስታምም ብዙ ቀን ከትምህርት ቀርታ፣ ስሟ ከመልቀቂያ ፈተናው ተሰርዟል። ራሷ አመልክታ ነበር። ዳይሬክተሩ «ለራሱ የማይለምን ማን አለ?» ብለው መለሷት። አሁን የቀራት የክፍል ጓደኞቿ አቤቱታ ብቻ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ማን እስክሪብቶ እንደሚያነሳ ላለማየት የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

አቤቱታውን የጻፈችው ጠበቃ ነች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ለግማሽ ነጥብ ሳምንት ሙሉ ስለተከራከረችው። እሷ ግን ስሙን እንደ ሜዳሊያ አጥልቃዋለች።

«ፈሪ ሁላ!» አለች። «ክብ ሠርተን እንፈርማለን። ክብ መጀመሪያ አለው እንዴ?»

«ፓ! ጭንቅላት!» አለ ሬዲዮ።

ከዚያ በኋላማ ሽሚያ ሆነ። እስክሪብቶ ከእጅ እጅ እየተነጠቀ ክፍሉ በሙሉ ፈረመ፤ ስሞቹ ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘረጉ። ጭራሮ ቀና አለች።

ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ውስጥ ወረቀቱን እንደ መኪና መሪ አዟዟሩት። ጠበቃና ጭራሮ ፊታቸው ቆመዋል።

«ይሄ አቤቱታ ነው ወይስ የድስት ግጣም?»

ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ሆና ሳቋን በሳል ሸፈነች።

«አቤቱታ አመልካች አለው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ስሙን ጽፎ ‹እኔ ነኝ› የሚል አንድ ሰው። ክብን ማን ብዬ ልጥራው? የተፈታኞች ስም ዝርዝር ዛሬ አስር ሰዓት ይላካል። እስከዚያ ከታች አንድ ስም ከተጻፈበት አነበዋለሁ።» ወደ ጭራሮ ዞረው ፈገግ አሉ። «ይህን ሁሉ ወዳጅ ይዘሽ መቼም አንድ አይጠፋም።»

ወረቀቱ ክፍል ሲመለስ ሁሉም በድንገት ሥራ በዛበት። አንዱን ሽንቱ ያዘው፤ አንዷ ቤተ መጻሕፍት የረሳችው መጽሐፍ ትዝ አላት። ሬዲዮ «እኔማ አባቴ ይገድለኛል፤ አምና እኮ ያን ልጅ...» እያለ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወጣ። በሕይወቱ ሳይጨርስ የተወው ወሬ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጠበቃ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ዘጋችው። እናቷ ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምትላት መጣባት፤ «ምላስሽን ሰብስበሽ ተማሪልኝ።» እንደገና ከፈተችው።

«ፊርማዬ እኮ አለበት፣ ክቡ ላይ» አለች ለጭራሮ። ድምፅዋ ለራሷም አስጠላት።

«አውቃለሁ።»

«አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትጽፊ ነበር?»

ጭራሮ እስክሪብቶውን ከጠበቃ እጅ ወሰደች፣ ክዳኑን ገጠመችና መልሳ ኪሷ ከተተችላት።

«በይ ሂጂ፣ ተደውሏል» አለች።

ገና አልተደወለም ነበር።

በማግስቱ ጠበቃ ወረቀቱን ይዛ ግቢው ሳይሞላ መጣች። ቢሮው በር ላይ ቆማ ከክቡ ሥር «አመልካች» ብላ ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ አንድም ፊደል አላሳጠረችም። ይህ እጇ ትናንት የት እንደነበረ እንጃለት።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። «ስም ዝርዝሩ እኮ ትናንት ሄዷል፣ የኔ እናት። ምን ይሠራልሻል?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ግን ገቢ ያድርጉልኝ።»

ጸሐፊዋ ትከሻዋን ነቀነቀችና ማኅተሙን መታችበት። ጠበቃ ግን አልሄደችም።

«መቼ ነው የሚያባርሩኝ?»

«ማንን?»

«እኔን። አምና ፈርሞ እንደተባረረው ልጅ።»

«እሱ?» ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ዛሬ በሳል አልሸፈነችውም። «ማን አባረረው! አባቱ ሥራ ተዛውረው ሄዱ እንጂ። መሸኛውን የጻፍኩለት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተችና መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው።

«እንዲያውም ያመለከተው ነገር በፈረመበት ቀን ነው የተፈቀደለት።»