አሥራ ሁለተኛው መርፌ

«አራት፣ አንድ፣ ሦስት...» አለች የድምቢጥ አክስት፤ ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። «ሦስት... ዜሮ... ስምንት! ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! ድምቢጤ፣ ወይዘሮ ናት እኮ! ወይዘሮ ተመለሰች!»

ድምቢጥ እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ቀረች።

ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛና አንዲት ጉጉት ነበሩ። ጉጉቷ ከሰው ቡጢ ብዙም አትበልጥም። አክስቷ የጉጉቷን እግሮች በሁለት ጣቶቿ መሃል ይዛ፣ የግንባር ባትሪዋን አብርታ፣ ከቀኝ እግሯ ላይ ያለችውን ቀለበት ታነባለች። ቀለበቷ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፤ በላይዋ ስድስት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ጉጉቷ ደግሞ ሁለት ቢጫ ዓይኖቿን አፍጣ፣ «ምን ጉድ ነው?» የምትል ትመስላለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ጋሽ ሾፌር። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የጉጉቶቹ ሚዛን በእሳቸው እጅ ነው።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው!» አለች አክስቷ። «ይህን ቁጥር እኔ ልረሳው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው!»

ድምቢጥም አልረሳችውም። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ጉጉቶች ከጫካው ወርደው በዚህ በኩል ሲያልፉ፣ አክስቷ ጉጉቶቹን አጥምዳ፣ ተመልሰው ሲያዙ እንዲታወቁ ቀለበት አስራ ወደምትለቅባቸው መረቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛት የሄደችው ያን ዓመት ነው። ቀለበት የታሰረላትን ጉጉት በትንሽ ክንዷ ላይ አስቀመጡላት። ሌሎቹ ጨለማውን ትንሽ አይተው ሲበሩ፣ ያቺ ጉጉት ሩብ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ሳትል ተቀመጠች። «ወይዘሮዋ መኪናቸው እስኪመጣላቸው ነው» አሉ ጋሽ ሾፌር። ስሟም እዚያው ወጣ። የቀለበቷ ቁጥር አራት መቶ ምናምን ሺህ እያሉ የሚቆጥሩት አልነበረም፤ እንደ ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ነው በቃል የያዙት፦ 413308።

አሁን ግን የጉጉቷ እግር ወደ ድምቢጥ ዞሮ ነበር። መብራቱም ልክ ላዩ ላይ አርፏል። 413808።

አራተኛው ቁጥር ሦስት አልነበረም። ስምንት ነው።

በዚህች ክፍል አንድ ሕግ አለ። ጉጉቷን የያዘው ሰው ቁጥሩን ያነባል፤ መዝጋቢው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከራሱ ከቀለበቱ ላይ ድጋሚ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጻፈው። ሕጉን ያወጣችው አክስቷ ናት። «አንድ ዓይን ይሳሳታል፤ ሁለት ዓይን ይከራከራል» ትላለች። ድምቢጥን መዝጋቢ ያደረገቻት ቀን መጀመሪያ ያስተማረቻት ይህንኑ ነበር። ዘንድሮ ግን፣ አሁን ስታስበው፣ «ሁለተኛ ዓይን!» የሚለው ጥሪ ከተሰማ ሰንብቷል።

አፏን ከፈተች። ቀና ስትል የአክስቷን ጉንጭ አየች፤ እንባ እየወረደበት ነው። አክስቷ ሰው ፊት የምታለቅስ ሴት አይደለችም። የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን የበሳት ጊዜ እንኳ ተራግማ ነው ያለፈችው።

ድምቢጥ አፏን ዘጋች። በመዝገቡ ላይ አራት ጻፈች፣ አንድ ጻፈች፣ ሦስት ጻፈች። አንድ ሳጥን ዘለለች። ዜሮ፣ ስምንት።

«በል ሾፌር፣ መዝናት» አለች አክስቷ፤ ጉጉቷን አቀብላቸው ፊቷን በክንዷ ልትጠርግ ዞር አለች።

ጋሽ ሾፌር ጉጉቷን በጭንቅላቷ ወደ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ አስገቧት። ጉጉቶች እንዲያ ሲሆኑ ጸጥ ይላሉ፤ ከቆርቆሮው አፍ ሁለት እግርና አንድ ጅራት ብቻ ቀርቶ ሲታይ ሁሌም ያስቃል። «ዘጠና አንድ ግራም። ወይዘሮ ሸንቀጥ ብለዋል።» ከዚያ አውጥተው ክንፏን ዘረጉና ሐምራዊዋን መብራት አበሩ። በዚያ መብራት አዲስ ላባ እንደ ጽጌረዳ ቀልቶ ያበራል፤ ያረጀ ላባ ግን ይደበዝዛል። አክስቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ «የቆየች ጉጉት የተጣፈ ልብስ ናት፤ የዘንድሮዋ ደግሞ ከአንድ ጣቃ የተቀደደች» እያለች ነው ያስተማረቻቸው።

የጉጉቷ ክንፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሮዝ ሆኖ በራ። መጣፊያ የሚባል የለበትም።

ጋሽ ሾፌር ክንፉን አዩ። ድምቢጥን አዩ። በመዝገቡ ላይ ያለውን ባዶ ሳጥንም አዩ። «እህ» አሉና መብራቱን አጠፉ።

ጉጉቷን ውጭ አውጥተው ሲለቋት አንዲት ሴኮንድ አልቆየችም። እንደ ተወረወረ ካልሲ ብር ብላ ጠፋች።

«እርጅና ነው» አለች አክስቷ እየሳቀች። «ድሮ ትኩራራ ነበር፤ አሁን ጊዜ የላትም።»

መረቦቹን ጠቅልለው ሲጨርሱ አክስቷ ፊት ፊት ሄደች፤ እያፏጨች ነው። ጋሽ ሾፌር ከድምቢጥ እኩል ለመራመድ ዘገም አሉ።

«ባዶ ሳጥን አየሁ» አሉ።

«ስምንት ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እኔ አውቶቡስ ስነዳ ዓይኔ መድከሙን መጀመሪያ የነገረኝ ረዳቴ ነበር። 'ጋሼ፣ ያ ፌርማታ እኮ አለፈን' አለኝ። ስድስት ወር አኮረፍኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መነጽር ገዛሁ። ሰው አልገጨሁም።»

ድምቢጥ ጠጠር በጫማዋ እየመታች ትንሽ ሄደች። «ታዲያ ለምን እርስዎ አይነግሯትም?»

«እኔን 'አንተ ደግሞ፣ ጉጉትና ዶሮ ለይተህ ሳታውቅ' ትለኛለች። መዝገቡ ሰኞ ይላካል። ቀለበት የሚሰጠው ቢሮ ይህን ስህተት ራሱ ያገኘው እንደሆነ ፈቃዷን ይነጥቃታል። ከዚያ ወዲያ መረብ የለ፣ ጉጉት የለ።» ኮታቸውን ቆለፉ። «እኔ ምንም አላልኩም፤ ብርድ ነው የሚያስለፈልፈኝ።»

እቤት ገብታ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች። ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በራሷ ጽሕፈት፦ 413808፣ አዲስ ቀለበት፣ የዘንድሮ ጫጩት። ሌሎቹን ገጾች ማየት ግን ፈራች። በዚህ ወቅት አክስቷ ከተመለሱ ጉጉቶች እግር ላይ ያነበበቻቸው ቀለበቶች አሥራ አራት ናቸው። ስንቶቹ ላይ ይሆን ድምቢጥ ሳታጎነብስ የሰማችውን ብቻ የጻፈችው?

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ሄደች። በሩን ስትከፍት አክስቷ ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ፖስተኛ ወሬውን ትቀዳለታለች።

«ዘጠኝ ዓመት! በስንት ብርድ፣ በስንት ድመት መሃል አልፋ!»

«አቦ፣ ጉጉት ደግሞ ምኗ ይወደዳል?» አለ ፖስተኛው። «ስትጮኽ ራሱ ታስፈራለች።»

«ያንተ ብስክሌት ከምትጮኸው አትብስም። ቁም ቀጥ በል፤ አንዱ እግርህ አጥሮ እንዳይቀር።»

ፖስተኛው እየሳቀ ሲወጣ አክስቷ ወደ ድምቢጥ ዞረች። «መጣሽ የኔ ድምቢጥ? በይ ክሮቼን። ነገ ስድስት ኮት አለብኝ። ከዚያ ያችን ቁጥር በጥሩ ካርድ ላይ በሚያምር ጽሕፈትሽ ትጽፊልኝና ከመስተዋቱ በላይ እሰቅላታለሁ።»

ክር ማስገባት ከአምስት ወር ወዲህ የድምቢጥ ሥራ ሆኗል። በየቀኑ አሥራ ሁለት መርፌ፦ ስድስቱ ጥቁር ክር፣ ስድስቱ ነጭ። ክር ገብቶላቸው በትንሿ ትራስ ላይ ይሰካሉ፤ አክስቷ በማግሥቱ አንድ በአንድ እያነሳች ቁልፍና ጠርዝ ትሰፋባቸዋለች። «ጣትሽ ቀጭን ስለሆነ ነው» ነበር ያለቻት። ድምቢጥም ጣቷን እንደ ሙያ ቆጥራ ስትኮራበት ከርማለች። እንዴት ያለች ፋራ ነኝ፣ አለች በልቧ። ክር በጣት ነው እንዴ የሚገባው?

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጥቁሮቹ አለቁ። ነጮቹን ጀመረች። አሥራ አንደኛውን ሰካች። አሥራ ሁለተኛውን መርፌና አንድ ክንድ ነጭ ክር ጠረጴዛው ላይ፣ አክስቷ ፊት አስቀመጠች።

«ይኼን አንቺ አስገቢው፣ እትዬ።»

«ምነው? ደከመሽ?»

«አልደከመኝም።»

አክስቷ አየቻት። ልትቀልድ ፈለገች፣ ተወችው። ክሩን በከንፈሯ አርጥባ አሾለችና መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳች። ክሩ በግራ በኩል አለፈ። ድጋሚ ሞከረች፤ በቀኝ አለፈ። እጇን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ መልሳ ዘረጋች። በአራተኛው ክሩ የገባ መሰላትና ልትስበው ስትል ከጣቷ ውጭ ምንም አልነበረም።

ድምቢጥን እጇን በላት። ተነሥታ ነጥቃ ብታስገባው ሁለት ሴኮንድ አይፈጅባትም። ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

«ይህ ቤት ብርሃን የለውም» አለች አክስቷ።

ድምቢጥ ዓይኗን ከክሩ አላነሳችም።

«ክሩም የማይረባ ነው። ድሮ የነበረው ክር...» አልጨረሰችውም። መርፌውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ውጭ የፖስተኛው ብስክሌት እየተንጫጫ ተመልሶ አለፈ።

«ወይዘሮ አይደለችም፣ አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«ስምንት ነበር፣ እትዬ። አራተኛው። ከሦስት ሳምንት በፊት ያሰርንላት ናት። የዘንድሮ ጫጩት።»

«ሾፌርም ያውቃል?»

«ክንፏን በመብራት አይቷል... አይተዋል።»

«እሱ ሽማግሌ!» አለች አክስቷ፤ ፊቷ ቀላ። «ሁለታችሁ ተማክራችሁ ነዋ! እኔን አስለቅሳችሁ፣ ለፖስተኛ አስለፍልፋችሁኝ!» ተነሥታ መቀሱን ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው አዛወረች፤ መልሳም ወደ ቦታው አደረገችው። ድምቢጥ ስድስት ወር ስንት ቀን እንደሆነ አሰበች። መቶ ሰማንያ። ይሁን፣ አለች በልቧ። ታኩርፈኝ።

አክስቷ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆየች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምቢጥ ደንግጣ ተነሣች።

እየሳቀች ነበር።

«ሦስት ወር ያልሞላትን ሕፃን» አለች፣ «'እርጅና ነው' ብዬ ሸኘኋት! ለዚያ ነው ተሳድባ የሄደችው!» ዓይኗን ጠረገች፤ ሳቁ ግን ሙሉ በሙሉ ሳቅ አልነበረም። «እውነተኛዋስ? ወይዘሮስ?»

«እሷ ደግሞ ገና ልትመጣ ትችላለች። ቁጥሯን ለሌላ ከሰጠንባት ግን ብትመጣም አናምናትም።»

አክስቷ ትራሷ ላይ የተሰኩትን አሥራ አንድ መርፌዎች በጣቷ አንድ በአንድ ነካች፤ ስትጨርስ ባዶውን መርፌ ከጠረጴዛው አንሥታ ለድምቢጥ አቀበለቻት።

«አስገቢልኝ።»

«የዓይን ሐኪም ጋ ከሄድሽ በኋላ።»

«አንቺ ልጅ!»

«ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምንማረው። አብሬሽ እሄዳለሁ። መርፌው እስከዚያ እኔ ጋ ይቆያል።» ድምቢጥ መርፌውን በቁራጭ ገበር ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«የአባትሽ ግትርነት ነው» አለች አክስቷ፤ ግን ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እነዚያ አሥራ አራቱስ? የዘንድሮዎቹ?»

«እሑድ ከድሮዎቹ መዝገቦች ጋር እናመሳክራቸዋለን። እርግጠኛ ያልሆንባቸውን 'አጠራጣሪ' ብለን እንጽፋለን። ዛሬ ማታ ደግሞ አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔ አነባለሁ፣ ጋሼ ሁለተኛ ዓይን ይሆናሉ።»

«ያ ሽማግሌ ሁለተኛ ዓይን!» አለች አክስቷ። ትንሽ አሰበች። «መነጽሩን ይጥረግና ይምጣ በይው።»

ድምቢጥ መዝገቡን ከቦርሳዋ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ገለጠችው። ባዶዋ ሳጥን እንዳለች ነበረች። አክስቷ ጎንበስ ብላ፣ ምንም እንኳ ከዚያ ርቀት የምታየው ብዥታ ብቻ ቢሆንም፣ አብራት ተመለከተች። ድምቢጥ እስክሪብቶዋን አንሥታ ላይኛዋን ክብ ሠራች፣ ታችኛዋን ሠራች፤ ሁለቱንም ዳር ለዳር አገናኝታ ዘጋቻቸው።