እራት ላይ የጠፋው መብራት

በሩን ስከፍት አንድ ረጅም ሰው ሹካ እንደያዘ ቆሟል። ሹካው ላይ ድንች አለ።

«ጎረቤት፣ እባክሽ እራቴን በሰላም ልብላ!»

ግሮኒንገን ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ምሽት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የሰው በር አይንኳኳም። ሁሉም ገበታ ላይ ነው። ወይ እሳት ተነስቷል፣ ወይ ሰውየው ጤና የለውም አልኩ በልቤ።

«ምን አደረግኩህ?»

«መብራቴን ታጠፊብኛለሽ፣ ታበሪያለሽ፣ ደግሞ ታጠፊያለሽ! በመስኮት እያየሁሽ እኮ ነው። ያቺን ነገር በተጫንሽ ቁጥር ይጨልምብኛል።»

እጄ ላይ ያለችው ያን ቀን የገዛኋት ባለ አራት ቁልፍ ገመድ አልባ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ከሰዓት ጀምሮ ስታገላት የእኔ መብራት ንቅንቅ አላለም። ለካ እሱም ያንኑ ዓይነት ገዝቶ ሲታገል ኖሯል! መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ቤቱ ፊት ለፊቴ ነው። የእኔዋ መንገዱን ተሻግራ፣ የእሱን መብራቶች ከምታዘው ሳጥን ጋር ተገናኘች። እሱም የራሱ ማብሪያ መስላው በስልኩ የሳሎኑን መብራት አስረከባት።

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ድንቹ ወደቀ።

ስሙ ዮሪት ነው። «ሳጥኔን ሌላ ማብሪያ እንዳትቀበል ዘግቻታለሁ፤ ማብሪያሽ አሁን ወዳንቺ ብቻ ነው የምትመጣው» ብሎ ከማብሪያዋ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን አድርጎ ያዘ። ቀይ ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለ፤ ከእኔ ሳጥን ጋር አገናኛት። መብራቴ በራ። ሻይ ከአንድ ብስኩት ጋር ሰጠሁትና እንደ ወጋችን የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደንኩ። እኛ ዘንድ ሁለተኛ ብስኩት ለቤተሰብ ነው። ጠጥቶ ሄደ።

መብራቴ ተስተካከለ፤ እኔ ግን ከፋኝ። ዮሪት ተመልሶ የሚመጣበት ምን ምክንያት ቀረ?

ከዚያ ወዲህ እራት ሲቀርብ በመስኮት እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለታለሁ። እኛ ጋ መጋረጃ የሚዘጋ የለም። ቀኑን ሙሉ ያቺን ሰላምታ ስጠብቅ እውላለሁ። ወደድኩት... ግን ምን ብዬ ልንገረው?

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሩርድ ከሩቅ መጣና ሳሎን ውስጥ ተቃቀፍን። በማግስቱ የዮሪት መጋረጃ ተዘጋ። ከዚያም አልተከፈተም።

«በቃ፣ ሴት አግኝቷል» አልኩ። ምግብ አልበላ አለኝ።

አንድ ምሽት አላስችል ሲለኝ ማብሪያዋን አነሳሁ። የኋላዋን ቁልፍ ጫን አድርጌ ከእኔ ሳጥን አለያየኋት። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእሱ ሳጥን ዝግ ከሆነች አትቀበላትም። ቀዩ ብልጭ ብልጭ አለ። ቆመ። የላይኛውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መብራት ጠፋ!

መጋረጃው ወዲያው ተከፈተ። ዮሪት ሹካውን እንደያዘ፣ በካልሲ እርጥቡን መንገድ ተሻገረ።

«ሳጥንህ ዝግ አልነበረችም?» አልኩት በሩ ላይ።

«በየምሽቱ በእራት ሰዓት እከፍታታለሁ። ማብሪያሽንም ከስልኬ አልሰረዝኳትም። ምናልባት... ብዬ።»

«መጋረጃውንስ ለምን ዘጋህ?»

«ያንን ሰውዬ ስታቅፊው አየሁ። መጋረጃውን ዘጋሁ፤ ሳጥኗን መዝጋት ግን አቃተኝ።»

«ወንድሜ ነው፣ አንተ ቂል!»

ጆሮው ቀላ።

«ወንድምሽ?»

«ወንድሜ! እኔኮ የምወደው አንተን ነው።»

አፌ አመለጠኝ። ዮሪት ሹካውን አየ፣ እኔን አየ።

«እኔም» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ድንች ከወደቀበት ቀን ጀምሮ።»

አስገባሁት። ካልሲው ርሶ ስለነበር ምድጃው አጠገብ እንዲቀመጥ አደረግኩት። ሻይ አፈላሁ፣ አንድ ብስኩት ሰጠሁት፤ ቆርቆሮውን ግን ሳልከድን ፊቱ ተውኩት። ብስኩቱን በልቶ ጨረሰና ቆርቆሮውን ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ሊዜት... ክዳኑን ረሳሽው።»

«አልረሳሁትም» አልኩት። «ብላ።»