ከአጥሩ ጀርባ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው

በያጁ ሞቶ የተገኘው በማለዳ፣ ቀለሙ ገና ባልደረቀ ግዙፍ ዓሣ ነባሪ አገጭ ሥር ነው። ዓሣ ነባሪው ከብረትና ከፋይበር የተሠራ፣ ፎቅ የሚያክል ነገር ነው። ልጆችን የጫነ ባቡር በአፉ ገብቶ በጅራቱ እንዲወጣ ታስቧል። የመዝናኛ ፓርኩ ለቅዳሜው ምረቃ ደፋ ቀና እያለ ነበር፤ እስከዚያ ማንም እንዳያየው ግንባታው በረጅም የቆርቆሮ አጥር ተከልሏል። በአጥሩ ላይ ዙሪያውን ያው አንድ ማስታወቂያ ተደጋግሞ ተለጥፏል፦ «ፎቶ ማንሳት በጥብቅ ክልክል ነው።»

ከሟቹ እጅ አጠገብ ስልኩ ወድቋል። ከስልኩ አጠገብ ደግሞ ክብ ቀይ ተለጣፊ፤ ጥበቃዎች ወደ ግንባታው የሚገባውን ሁሉ የስልክ ካሜራ የሚያሽጉበት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ ለስላሳ፣ ሆዱ ከኮቱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። «ማሸጊያውን ልጦ ፎቶ ሲሰርቅ እግሩ ከዳው። የደህንነት ቀበቶ እንኳ አላሰረም፤ ተቻኩሏላ። ሌባ ተይዞ ዱላ አይጠየቅም፣ ኢንስፔክተር። ከቅዳሜ በፊት ፋይሉ ቢዘጋልን…»

መርማሪዋ አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጇ ላይ ሰፊ የወንድ ሰዓት ያሰረች ሴት ናት። ተንበርክካ የሟቹን እጆች አየች። ብልጭታ የፈጃቸው፣ ጠባሳ በጠባሳ የሆኑ እጆች ናቸው። ከዚያ ስልኩን በጓንት አንስታ ወደ ብርሃን አዘነበለችው። የካሜራው መስታወት ጥርት ያለ ነበር። ተለጣፊውንም ገለበጠችው። ጀርባው አንዲት ጭረት የለበትም።

«ፎቶ ማንሳቱን በምን አወቁ?»

«ስልኩ ውስጥ አለ እኮ! ካሜራው ያለ ምስጢር ቁጥር ይከፈታል፤ ያነሳውም እዚያው ይታያል።»

«ስልኩን ነክተውታል ማለት ነው?»

«የለም፣ የለም… ይኖራል ማለቴ ነው። ካልሆነ እዚያ ላይ ለምን ይወጣል?»

እሷም ስልኩን ከፍታ አየች። ፎቶዎች ነበሩ። ሐዲዱ፣ መወጣጫው፣ የዓሣ ነባሪው ጅራት፣ ጀርባው። በምሽት ብርሃን የተነሱ ናቸው። ደጋግማ አየቻቸውና ስልኩን በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

ሬሳው ተነስቶ ሳይርቅ በግንባታው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። የሟቹ የመታወቂያ ፎቶ፤ ከሥሩ «ደንብ በመጣስ ሕይወቱን ያጣ ሠራተኛ። እንማርበት!» ይላል። ፎቶ በተከለከለበት በር ላይ የተሰቀለው ብቸኛ ፎቶ እሱ ሆነ።

ሚስቱ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆማ አነበበችው።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… ስልክሽን» አለ የጥበቃ ኃላፊው፣ ቀያይ ተለጣፊዎቹን ጥቅል ይዞ። ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ነው። «አጥሬን! አጥሬን!» ስለሚል ሠራተኞቹ «ጋሽ አጥሬ» ይሉታል።

«ባሌ የወደቀበትን ላይ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ደንብ ነው።»

«እሱን ሌባ ያላችሁትም በደንብ ነው?»

ሽማግሌው ስልኳን ተቀብሎ አሸገላት።

መርማሪዋ ከኋላ ደርሳ ስልኳን ዘረጋች። «የኔንም ይለጥፉልኝ።»

«ኧረ የፖሊስ አይነካም!»

«ይለጥፉ፣ ጋሽ አጥሬ። ሲላጥ እንዴት እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነው።»

ለጠፈላት፤ እሷም በጥፍሯ ላጠችው። ተለጣፊው ተበጣጠሰ፤ መስታወቱ ላይም ነጭ ነጠብጣብ ተረፈ። በአውራ ጣቷ ብትፈትገው ቦታውን አልለቀቀም።

«በአልኮል ካልተጠረገ አይለቅም» አለ ጋሽ አጥሬ፣ በሙያው የሚኮራ ሰው ድምፅ መለስ ብሎለት። «ውስጥ ሆኖ የላጠ ሰው ሲወጣ በዚህ ይያዛል። እኛም ሁላችን እንታሸጋለን፤ መሐንዲሱ ሳይቀር። ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ መስታወት ሲጠርግ የማይራገም የለም።»

«ባሌ ስልክ ይዞ አይገባም» አለች ሚስቲቱ ድንገት። «ብልጭታ የፊተኛውን ከፈጀበት ወዲህ እዚህ በር ላይ ሳጥን ውስጥ ነው የሚተወው። ልጄ ታማብኝ ስደውል እንኳ የሚጮኸው ሳጥን ውስጥ ነበር።»

«እውነቷን ነው» አለ ጋሽ አጥሬ። «ጥሪዋን ለይቼ አውቀዋለሁ። አንዳንዴ ወጥቼ እጠራው ነበር።»

«ትናንት ማታስ?» አለች መርማሪዋ።

«ትናንት… በሩ ላይ አልነበርኩም። በመኪና ማቆሚያው በኩል ሰው ከአጥር በላይ ፎቶ ያነሳል ተብሎ ሄድኩ። ብዞር ብዞር ማንም የለም።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«በሬዲዮ ነው። ተባለ፣ ሄድኩ።» ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ውሻ በበላበት ነው የሚጮኸው፣ ልጄ። አታስጨንቂኝ።»

አላስጨነቀችውም። ሽማግሌ አንገቱን ሲደፋ የተደበቀው ነገር የት እንዳለ ታውቃለች፤ የሚቀረው ቀና የሚልበትን ሰዓት መጠበቅ ነው።

መሐንዲሱን ያገኘችው ጊዜያዊ ቢሮው ውስጥ፣ ሲጋራ በሲጋራ ሲለኩስ ነው። ከስቶ ሱሪው በቀበቶ ተጨምድዷል።

«ጭምቱ ነግሮኝ ነበር» አለ። በያጁን ሁሉም የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ ከአፉ ቃል ስለማይወጣ። «አገጩ ሥር ሐዲዱን የሚሸከመው ክንድ ተሰንጥቋል አለኝ።»

«አዩት?»

«ለአለቃ፣ ለሥራ አስኪያጁ ንገር አልኩት።»

«አዩት ወይ ነው ያልኩዎት።»

«አላየሁም!» ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። የተናደደው በእሷ አልነበረም። «ካየሁ ማስቆም ሊኖርብኝ ነው። ካስቆምኩ ቅዳሜ የለም። ቅዳሜ ከሌለ እኔም የለሁም። ገባዎት?»

«ገብቶኛል» አለች። «ቅዳሜ ባቡሩ ላይ የሚሳፈሩት የማን ልጆች ናቸው?»

ሲጋራውን ጠረጴዛው ላይ ደፍጥጦ አጠፋው።

በግንባታው ውስጥ ፎቶ ማንሳት የተፈቀደላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የፓርኩ ፎቶግራፍ አንሺ። ምላሷ ስለታም፣ ወጣት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ አፏ ግን አልዶለዶመም።

«እኔንም ጠይቆኝ ነበር። ‹ስንጥቁን አንሺልኝ፣ ያላዩት አያምኑኝም› አለኝ። እኔ የማነሳው የተፈቀደልኝን፣ ያማረ ያማረውን ብቻ ነው አልኩት። ‹ዓይን እያለሽ?› አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ደንቡን ያወጣው ማን ነው?»

«አለቃ ነዋ! ለዓሣ ነባሪው ፊት እንደ ሙሽራ ፊት ነው የሚሳሳው። አንዴ የጥርሱ ጫፍ ብትታይ ፎቶዬን ሁሉ ቆሞ አስጠፍቶኛል። ሠራተኛ እዚያ ላይ ያለ ኮፍያ ሲሠራ ግን አይቶ አያውቅም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ኮፍያ ደፍታ፣ ከሥር ባስመጣችው ቀበቶ ታስራ፣ የራሱን ካሰረው መሐንዲስ ጋር ወደ ላይ ወጣች። ከአገጩ ሥር ጠባብ መድረክ አለ። ሐዲዱን ከሚሸከሙት ክንዶች አንዱ ላይ ብቻ ቀለሙ ወፍሮ፣ ተዝረክርኮ ተቀብቷል፤ ቀቢው ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ይመስላል። በቁልፏ ፋቀችው። ከሥሩ ጥቁር ስንጥቅ ወጣ፤ ጣት ቢሄድበት የማያልቅ። መሐንዲሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከመድረኩ ብረት ላይ የበያጁ የደህንነት ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ቆዳው መሐል ላይ፣ ሁልጊዜ ይታሰርበት በነበረው ቀዳዳ ዙሪያ ተሸብሽቧል። ዘለበቱ ግን ያለው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው።

«እዚህ ስንት ቀበቶ ይቀመጣል?»

«አንድ፣ የበያጁ።»

«እንግዳ ሲወጣስ?»

መሐንዲሱ ቀበቶውን ከብረቱ ላይ አወረደው። «እንግዳ ከወጣ የራሱን ፈትቶ ያስርለታል። የሠራተኞቹ ልማድ ነው። መጀመሪያ እንግዳው ነው የሚታሰረው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ከዓሣ ነባሪው ሥር ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ፣ መሐንዲሱ፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ፣ ጋሽ አጥሬ። ሚስቲቱ ራቅ ብላ፣ ባሏ የወደቀበት ቦታ አጠገብ ቆማለች። እዚያ ላይ አሸዋ ተበትኖበታል።

«ምን ያህል ይፈጃል?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሥራ አለብን።»

«እንደ እርስዎ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡና ማሸጊያውን ላጡ።»

ተያይተው ላጡ። የመሐንዲሱ መስታወት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ቀረ። የፎቶግራፍ አንሺዋም፣ የጋሽ አጥሬም እንዲሁ። ሚስቲቱ አልላጠችም፤ ስልኳን በደረቷ ይዛ ቆመች።

«የእርስዎስ?»

«የኔ አይታሸግም። የምገባው በኋላ በር ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ። እነዚህ ሰዎች ይህን ነጭ ነገር ማታ ማታ ሲፈትጉ ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱ ‹በያጁ ማሸጊያ ልጦ ፎቶ አነሳ› ሊያስብል ቢፈልግ፣ መጀመሪያ ለጥፎ ይልጠው ነበር። የሟቹ መስታወት ግን እንደ እርስዎ ስልክ ጥርት ያለ ነው፤ ተለጣፊውም አልተበጣጠሰም። ስልኩ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ከሳጥኑ የወሰደው ሰው ከጥቅሉ አንድ አዲስ ተለጣፊ አንስቶ አጠገቡ ጣለ። ሲላጥ ምን እንደሚሆን አያውቅም። በገዛ ደንቡ አንድ ቀን ታሽጎ አያውቅማ።»

«ይህ ማስረጃ ነው እንዴ?» ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። ማንም አልተከተለውም።

«ይቆዩኝ። ፎቶዎቹን ላስታውስዎት። ሐዲድ አለ፣ ጅራት አለ፣ ጀርባ አለ። ምን የለም?»

ፎቶግራፍ አንሺዋ ቀድማ ተነፈሰች። «ፊቱ!»

«ፊቱ የለም። ምስጢር ሊሰርቅ ሕይወቱን ሰጥቶ የወጣ ሌባ ምስጢሩን ብቻ ትቶ ዙሪያውን ያነሳል? እነዚህን ያነሳው ሰው ስልኩ ፖሊስ እጅ እንደሚገባ ያውቃል። ፖሊስ ጋ የገባ ፎቶ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ይችላል ብሎ ፈራ። ሰው ገድሎ እንኳ የዓሣ ነባሪውን ፊት ከካሜራ ጠበቀ።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ለፋይበር የሳሱትን ያህል ለሰው አልሳሱም!»

ከመሐንዲሱ እጅ ቀበቶውን ተቀበለች።

«ይህ የጭምቱ ነው። ሲያስረው የኖረው መሐል ላይ ነው። ትናንት ማታ ግን የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ታስሯል። መሐንዲሱ በሁለት ዙር ይገባበታል። ጋሽ አጥሬም፣ ይህቺም ልጅ እንደዚያው። ከመካከላችሁ ይህን ሁሉ ቀበቶ የሚሞላ ሆድ አንድ ነው። ስንጥቁን በዓይንዎ እንዲያዩለት ለምኖ ይዞዎት ወጣ፤ እንዳይወድቁበትም የራሱን ፈትቶ አሰረልዎት። እርስዎ በእሱ ቀበቶ ታስረው ነው የገፉት።»

ሚስቲቱ አሸዋው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ተረት ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ትናንት ማታ እዚህ እንደነበርኩ ማን ይመሰክራል?»

ጋሽ አጥሬ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ።»

«አንተ ዝም በል!»

«ዝም አልኩ እኮ! ዝም ብዬ ጧት የዚህችን ልጅ ስልክ አሸግኩ።» ሽማግሌው ቀና አለ። «መኪና ማቆሚያው ጋ ሂድ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ድምፅዎን በሬዲዮ አጣዋለሁ? ስሄድ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ስልክ ቀርታ ነበር፤ ስመለስ የለችም። በሬን ያስለቀቁኝ ለዚህ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን ቃኘ። የሚያግዘው ፊት ሲያጣ ልስላሴው ጥሎት ሄደ።

«ፎቶ ሊያነሳ ነበር! ‹ካላስቆሙት ነገ ስልኬን ደብቄ አስገባለሁ› አለኝ፣ ያ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ! ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ ፎቶ ይፍረስ? ስንጥቁ ከምረቃው በኋላ ይጠገን ነበር! ከምረቃው በኋላ!»

«ልጆቹ ከተሳፈሩ በኋላ» አለች መርማሪዋ፣ ከኋላዋ ለቆሙት ፖሊሶችም በእጇ ምልክት ሰጠች።

ሲወስዱት ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጋሽ አጥሬ ወደ በሩ ሄደ፤ ወረቀት ሲቀደድ ተሰማ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ወደ መወጣጫው አመራች። እግሯን የመጀመሪያው እርከን ላይ አድርጋ ዞረች።

«ስንጥቁን ነው የማነሳው» አለች። «የሚከለክለኝ ካለ አሁን ይናገር።»

«መጀመሪያ ቀበቶሽን» አለ መሐንዲሱ። የራሱን የደህንነት ቀበቶ ፈትቶ አሰረላት።

ጋሽ አጥሬ ሲመለስ ከወረቀቱ የተረፈውን የሟቹን ፊት በጥንቃቄ አጥፎ ይዟል። በሌላ እጁ ጨርቅና የአልኮል ጠርሙስ አለ። ሁለቱንም ለሚስቲቱ ዘረጋ።

እሷ ፎቶውን ወስዳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀዩን ተለጣፊ በጥፍሯ ላጠች። ተበጣጠሰ፤ ነጩ ምልክት ቀረ።

«ስጪኝ፣ ልጄ፣ ልጥረግልሽ» አለ።

«ይተዉት፣ ጋሽ አጥሬ። ምን እንዳደረጋችሁ ይታይ።»

ተነስታ ስልኳን ወደ ላይ አቀናች፤ ባሏ ቆሞ ወደነበረበት፣ ከአገጩ ሥር ወዳለችው ጠባብ መድረክ። ፎቶም አነሳች።