የባንጆው ስምንት ስህተት

ታድ ባለ አምስት ክር ባንጆውን ይዞ ሲሳሳት ያየ ሰው በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ሁሉ ተፈልጎ አይገኝም። ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ስምንቴ ተሳሳተ፤ ያውም እዚያችው አንዲት ቦታ ላይ።

ድሮ የፈረስ ጋጣ በነበረው ስቱዲዮ ውስጥ ሦስቱ ሙዚቀኞች አንድ ማይክሮፎን ከበው ቆመዋል። ብሉግራስ በሚባለው የተራሮቹ ባለ ክር ሙዚቃ ላይ አዲስ ምት እየጨመሩ የአገሩን ሰው ቢያነጋግሩም፣ ሲቀዱ ግን የአያቶቻቸውን ልማድ አልተዉም። ተራው የደረሰ ወደ ማይኩ ጠጋ ይላል፤ ሲጨርስ ወደ ግራ ሸሸት ብሎ ለቀጣዩ ቦታ ይለቃል። የመጨረሻው ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ ደግሞ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሁሉም በአንድ ማይክ ስለሚገባ የአንዱን ስህተት ለይቶ ማረም የለም፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል።

ታድ ተራውን አሳምሮ ይጫወትና መልቀቅ ሲገባው ተገትሮ ይቀራል። ቫዮሊኗን አገጯ ሥር አድርጋ የምትመጣው አርዲስ ደረቱ ላይ ትላተማለች።

«አሁንስ ምን ሆንክ?» አለች ድምፅ ቀራጯ ማርሊን ከመቅረጫ ክፍሏ መስታወት ማዶ።

«ጣቴን አሞኝ።»

«ቅድም እግሬን ነበር ያልከው!»

ቤዝ የሚባለውን ቁመተ ረጅም ባለ ክር መሣሪያቸውን የተደገፉት ሽማግሌው ሮስኮ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። «ተይው ልጄ፣ ሕመሙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ልቡ ጋ ሲደርስ ይለይለታል። እስከዚያ እንረፍ።»

ይህ ዜማ የአልበሙ የመጨረሻ ነው። እሱ ካለቀ አርዲስ በማግስቱ ወደ ቴክሳስ ትሄዳለች፤ አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ አብራው በየከተማው እየዞረች እንድትጫወት ጠርቷት እሺ ብላለች። እሺ ያለችው ለዝናው አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከታድ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆማ፣ ዓይኑ ዓይኗን ፈልጎ መልሶ ሲሸሽ እያየች አንድ ቃል መጠበቅ ሰልችቷት ነው። ትወደዋለች፤ ይህን ከራሷ ደብቃው አታውቅም።

በእረፍቱ ታድን በረንዳው ላይ ብቻውን የበቆሎ ዳቦ ሲፈረፍር አገኘችው።

«ሆን ብለህ ነው፣ አይደል?»

«ምኑን?»

«አትቀልድብኝ! አንተ ተኝተህም የማትሳሳት ሰው።»

የታድ ጆሮ ቀላ።

«ይሄ ዜማ ካለቀ ትሄጃለሻ» አለ።

«እና ዕድሜ ልኬን ደረትህ ላይ ስላተም ልኖር ነው?»

«እኔ ቅር አይለኝም።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በአፍህ ብትነግረኝስ? ሦስት ዓመት፣ ታድ!»

«ፈራኋ! እምቢ ካልሽኝ በማግስቱ እዚያው ማይክ ጋ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?» ፍርፋሪውን ከእጁ አራገፈ። «እወድሻለሁ አርዲስ። ይኸው፣ ወጣልኝ። በቃ፣ አሁን ቦታ እለቅልሻለሁ።»

አርዲስ መልስ ሳትሰጠው ማርሊን ጠራቻቸው።

በዘጠነኛው ሙከራ ታድ ከዚያ በፊት ተጫውቶ በማያውቀው ሁኔታ አሳምሮ ተጫወተ። ሲጨርስም አንገቱን ደፍቶ ወደ ግራ ሸሸ። አርዲስ ወደተለቀቀላት ቦታ ገባች፤ ባዶነቱ ደረቱ ላይ ከመላተም ይልቅ አስደነገጣት። ሦስት ዓመት ያፈነችውን ሁሉ በቫዮሊኑ አወጣችው። የመጨረሻው ድምፅ ቀጥኖ ቀጥኖ ሊጠፋ ሲል፣ ማርሊን እጇን እንዳነሣች፣ ሁሉም ትንፋሹን እንደዋጠ፣

«አልሄድም!» አለች አርዲስ።

ማርሊን ራሷን ያዘች። «ምርጡን ቀረጻ! አበላሸሽው እኮ!»

«እንዳትነኪው» አሉ ሮስኮ። «እንዲሁ ይውጣ።»

እንዲሁም ወጣ። አልበሙን እስከ ጫፍ የሰማ ሰው ከመጨረሻው ዜማ በኋላ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያም የሽማግሌ ሳቅ ይሰማል። የወደቀው ባንጆው ነው፤ ታድ ሊያቅፋት ሲጣደፍ ከትከሻው አምልጦት። አርዲስ ዘጠነኛ ስህተቱ ትለዋለች፤ ያን ቀን ሆን ብሎ ያልሠራው እሱን ብቻ ነው።