አበባ ያልያዘው ቅርንጫፍ

«ሬሳውን ማንም እንዳይነካ» አለች መቶ አለቃ ትርፌ፣ ገና ከመኪናው ሳትወርድ።

ማንም አልነካውም። ሊነካው የፈለገም አልነበረም። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ቀበሌ ለግብርና ባለሙያው ለፈለቀ እንባ ቀርቶ ከንፈር መምጠጫም አልተረፋትም። ሰውየው ሜትሩን ይዞ ከጓሮ ጓሮ እየዞረ የሰው ዛፍ ወገብ ሲለካ ነው የከረመው። ጊዜው ሰባ ስምንት ጥቅምት ነው፤ መንደር ምስረታ የሚሉት ጉድ ወደ ከፋ የገባበት። ተበታትኖ የኖረ ቤት ሁሉ ፈርሶ፣ በገመድ ተለክቶ በረድፍ ይሠራል ተባለ። ረድፉ የሚያልፍበት ጓሮ ደግሞ ይመነጠራል። የማን ጓሮ እንደሚመነጠር የሚወስነው የፈለቀ ሜትር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ማን ያለቅስለታል?

አሁን በሽማግሌው በአባቦራ ትልቅ ዋንዛ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ደረቱና ፊቱ ላይ ክንድ የሚያህል የዋንዛ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ተጋድሟል። ዋንዛው የአበባ ወራቱ ነው፤ ነጭ አበባው መሬቱን አልብሶታል፣ ንቡም ከላይ ሥራውን አላቆመም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ለምን እንደደከሙ አልገባኝም» አለ ሸምሰዲን፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር። ቀድሞ አጋሮ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከተሾመ ወዲህ ግን ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› የሚለውን እንደ ዱዓ የያዘ ሰው ነው። «ገዳዩ ተይዟል። መጋዘን ውስጥ አስሬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከአውራጃ መኪና ይመጣል፣ ፀረ-አብዮተኛ ተብሎ ይሄዳል።»

«ማን ነው እሱ?»

«የጓሮው ባለቤት፣ አባቦራ። በስብሰባ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ‹ዋንዛዬን የነካ እጁን ያጣል› ብሎ ፎክሯል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

‹እርስዎ› ያለው አፉ እንዴት ባንዴ ወደ ‹አንቺ› እንደወረደ ትርፌ ልብ አለች። በዚያ መኪና ከሄዱት ውስጥ ተመልሶ የመጣ ሰው በዚያ አገር አልታየም። ሽማግሌው የቀረው ጊዜ መኪናው እስኪደርስ ብቻ ነበር።

«ማንም አልገደለውም» አለ ከአጥሩ ወዲያ የቆመ ጎልማሳ። ጀማለዲን ይባላል፤ የአባቦራ የወንድም ልጅ ነው፣ ጓሮው ከአጎቱ ጓሮ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። «ቅርንጫፍ ነው የወደቀበት። ያረጀ ዛፍ ነው፣ ይቆረጥ ካልኩ ቆይቻለሁ።»

«አንተ ዝም በል» አለው ሸምሰዲን።

«ሁላችሁም ዝም በሉ» አለች ትርፌ፣ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ። የሟቹን ጫማ አየች። ሶሉ ንጹሕ ነው፤ ተረከዙ ላይ ግን ቀይ ጭቃ ተጋግሯል። ራሱን በቀስታ ቀና አደረገችው። አናቱ ደህና ነው፤ የተሰበረው ከጆሮው ኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው። ቀጥላ ቅርንጫፉን አነሣችና ጫፍ ጫፉን አንድ በአንድ አገላበጠችው። ከዛፉ የተለየበት ጫፍ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተሰባብሯል።

«የምን ቅጠል ለቀማ ነው?» አለ ከተማ። ከተማ የፈለቀ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ከሸዋ የመጣ፣ ጭቃው ካፖርቱን እንዳይነካው ከሩቅ የሚቆም። «ወንድሜ ሞቶ እዚህ ወድቋል።»

«ወንድምህ መሆኑን አሁን ነው የሰማሁት» አለችው፣ ቀና ሳትል። «የሱን ቦታ እንደምትፈልግ ግን ጅማ ድረስ ይወራል።»

ከተማ ፊቱ ቀላ። ትርፌ ቀና ብላ ዛፉን አየች። በግንዱ ላይ፣ ድሮ ቅርንጫፍ በተቆረጠበት ሁሉ፣ ጥቁር ደረቅ ልጥፍ አለ። ትኩስ ቁስል ግን በየትኛውም በኩል አላየችም።

መጋዘኑ ውስጥ አባቦራ በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጧል፣ እጁ በገመድ ታስሯል።

«መርማሪው አንቺ ነሽ?» አላት። «ወንድ አጡ?»

«ወንዶቹማ እርስዎን አስረው ጨረሱ። እኔ የመጣሁት ለመፍታት እንደሆነስ?»

«የመንግሥት ሰው ሲፈታ አይቼ አላውቅም፣ ኢንተላ።» ኢንተላ ማለት በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው፤ እሱ ሲላት ግን ፍቅር አልነበረበትም።

«ፎክረዋል ይባላል።»

«ኤዬ፣ ፎክሬያለሁ። አባቴ የተከለው ዛፍ ነው። ብፎክር ምን አለበት?»

«ግንዱ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

ሽማግሌው በንቀት አያት። «እበት ነው። ከየት አገር ነው የመጣሽው? ቅርንጫፍ ስንቆርጥ ቁስሉን በትኩስ እበት እንደፍነዋለን። ካልደፈንነው ውኃ ይገባውና ይበሰብሳል። የኛ ሰው ዛፍ አቁስሎ እንዲሁ አይሄድም፤ እጁ እሺ አይለውም።»

«ፈለቀን ማን የገደለው ይመስልዎታል?»

«አላህ ያውቃል። ባውቅም ወላሂ ላንቺ አልነግርሽም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትርፌ ተናዳ ወጣች። ሊያድነው በመጣ ሰው ላይ እንዲህ መሆን ምን ይባላል?

ከተማን መኪናው ጥግ ያዘችው። «መመሪያው ምን ይላል? የማን ጓሮ ነው የሚተርፈው?»

«ወፍራም ዛፍ የበዛበት። ከጭን የቀጠነ ግንድ አይቆጠርም።»

«የዛፉ ዓይነት ቢበዛስ?»

«ዓይነት ማን ይጠይቃል? የሚፈለገው ውፍረት ነው።»

«ፈለቀ ወስኖ ነበር?»

«ትናንት ጨርሶ ነበር። ለመጨረሻ የቀሩት የአባቦራና የጀማለዲን ጓሮዎች ነበሩ፤ ረድፉ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ነው የሚያልፈው። በየትኛው እንደሆነ አልነገረኝም። ጠዋት ‹ለባለጓሮው ራሴ እነግረዋለሁ› ብሎ ወጣ።»

«ዛፍ ላይ እበት ሲቀባ አይተሃል?»

ከተማ ሳቀ። «እበት? እነዚህ ሰዎች ለዛፍም ሐኪም ሊሆኑ ነው እንዴ?»

ትርፌ ወደ ሸምሰዲን ግቢ ሄደች። ከአጥር እስከ አጥር ባህር ዛፍ ነው፤ ለአጣና የሚሸጥ። ሌላ ዛፍ ለዓይን እንኳ የለም። ጀማለዲን ጓሮ ስትገባ ግን ቆም አለች። ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ብርብራ፣ ሳሳ፣ ከሥራቸው ቡናና ጫት፣ በረቱ አጠገብ ደግሞ አንድ ለጋ ዋንዛ። የአጎቱ ጓሮ የዚህን ግማሽ ያህል ዓይነት የለውም። ሁሉም ግን ከመሬት አዋጁ ወዲህ የተተከለ ነው፤ የሰው ጭን የሚያህል አንድም ግንድ አልነበረበትም።

የጀማለዲን ሚስት መድና ልጆቿን ወደ ቤት አስገብታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢም አላለቻትም።

«ባልሽ ዛሬ ጠዋት የት ነበር?»

«እዚሁ። በረት ውስጥ እበት ሲዝቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከግቢ አልወጣም።»

«ሁልጊዜ የሚዝቀው እሱ ነው?»

መድና በሩን ገርበብ አደረገችው። በዚያ አገር እበት መዛቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ እበት በእጁ ይዞ ቢታይ ለዓመት ያስቃል። ባሏን ላድን ብላ እውነቱን ተናገረች፣ ምስኪን።

ትርፌ ሁሉንም በአባቦራ ዋንዛ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌውም ከነገመዱ መጣ።

«ቶሎ በይ» አለ ሸምሰዲን። «መኪናው እየደረሰ ነው።»

«እስኪደርስ ትሰማኛለህ። ፈለቀ እዚህ አልሞተም። ተረከዙ ጭቃ ነው፣ ሶሉ ንጹሕ ነው። ሰው በተረከዙ አይሄድም፤ ተጎትቶ ነው የመጣው። ቅርንጫፍ ከላይ ቢወድቅበት ኖሮ አናቱን ነበር የሚያገኘው። እሱ ግን ማጅራቱን ነው የተመታው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ።»

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?» አለ ሸምሰዲን። «አባቦራ መታው።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። አባቦራ ሰው ገድሎ ሬሳውን ጎትቶ ራሱ ጓሮ፣ በፎከረበት ዛፍ ሥር ያስቀምጣል? ሌላም አለ።» ቅርንጫፉን አነሣች። «ቀና ብላችሁ እዩ። ይህ ዋንዛ አበባ ያልያዘ ጫፍ የለውም። ይህ ቅርንጫፍ ግን አበባም እምቡጥም የለውም። ከዚህ ዛፍ አልወረደም። ገና ለአበባ ካልደረሰ ለጋ ዋንዛ የተቆረጠ ነው፤ በስለት መቆረጡ እንዳይታወቅ ጫፉ በድንጋይ ተቀጥቅጧል።»

ሁሉም ቀና አሉ። ጀማለዲን ብቻ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሸምሰዲን ዋንዛ የለውም፣ ባህር ዛፍ ብቻ ነው። ከተማ ፈለቀ ቢሞት ይሾማል፤ ጠላሁት፣ ግን ገዳይ አይደለም። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ። ተከተሉኝ።»

ትርፌ ቅርንጫፉን እንደያዘች፣ በአጥሩ ሽንቁር አልፈው ወደ ጀማለዲን ጓሮ ገቡ። ለጋው ዋንዛ ላይ፣ በሰው ደረት ትይዩ፣ እበት ተለጥፏል። ገና እርጥብ ነው፣ ዝንብ ወሮታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችው ጀማለዲንን።

«የቡናውን ጥላ ስቀንስ የቆረጥኩት ነው።»

«ቅርንጫፉ የታለ?»

«አነደድነው።»

«እርጥብ ዋንዛ? በአንድ ጠዋት?»

ትርፌ እበቱን በእንጨት ፍቃ አነሣችው። ከሟቹ ኪስ ያወጣችውን ሜትር መጀመሪያ በቁስሉ፣ ቀጥላ ከተቀጠቀጠው ጫፍ ከፍ ብላ በቅርንጫፉ ላይ አዞረችው። ውፍረቱ አንድ ነው። ቅርንጫፉን አስጠግታ ስትገጥመው ቅርፊቱ ከቅርፊቱ ጋር ገጠመ።

«ከተማ ቢሆን ቁስሉን ትቶት ይሄድ ነበር» አለች። «እበት የሚያስቀው ሰው ነው። ዛፍ አቁስሎ መሄድ እጁ እሺ የማይለው የዚህ አገር ሰው ነው። ሚስትህ እበት ስትዝቅ አይታሃለች። ሬሳውን በአጥሩ ሽንቁር ጎትተህ፣ ቅርንጫፉን ጭነህበት ተመለስክና ቁስሉን ደፈንክ። ሰውየውን ገደልከው፣ ዛፉን ግን አከምከው።»

መድና በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ጀማለዲን ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«‹ረድፉ ባንተ ላይ ያልፋል› አለኝ። ዓይነቱን ቁጠር አልኩት፤ በቀበሌው እንዲህ ያለ ጓሮ የለም አልኩት። ‹ቀጫጭን ናቸው፣ አይቆጠሩም› ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ቅርንጫፉን ቆርጬ ገና በእጄ ይዤው ነበር።»

«አጎትህ ሲታሰር ለምን ዝም አልክ?»

«ሬሳውን እዚያ የወሰድኩት ዛፉ ይከሰሳል ብዬ ነው። ሰው ገደለ ተብሎ ዋንዛው ቢቆረጥ ረድፉ ወደዚያ ይዞራል ብዬ። እሱን ያስሩታል ብዬ አላሰብኩም። ከታሰረ በኋላ ፈራሁ።»

ትርፌ የአባቦራን ገመድ ራሷ ፈታች። ሽማግሌው አላመሰገናትም።

«ደስ አለሽ?» አላት።

«እውነቱ ይህ ነው። ደስታ ልፈልግ አልመጣሁም።»

«እኔ አርጅቻለሁ። ይህ አራስ ሳለ ነው እናቱ የሞተችበት፤ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ልጆቹን አየሻቸው? ብትተይኝ ምን ነበረበት?»

ትርፌ ዞራ ወደ መንገዱ አየች። የአውራጃው መኪና ወታደሮች ጭኖ መጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። ሸምሰዲን ገመዱን ከመሬት አንሥቶ የጀማለዲንን እጅ ራሱ አሰረ፤ የሚታሰር ሰው እስካገኘ ድረስ ማንነቱ አላስጨነቀውም።

«እንግዲህ ጉዳዩ ተዘጋ» አለ ወደ ከተማ ዞሮ። «ይህ ጓሮ ይመነጠራል። ነገ ጠዋት ለክተህ ትፈርማለህ።»

«መመሪያው እንደዚያ ነው» አለ ከተማ። «የአባቦራ ዛፎች ይበልጣሉ።»

«ነገ ጠዋት ነው የምትለካው?» አለ አባቦራ።

«አዎ።»

«የምትቆጥረው በቁሙ ያለውን ነው፣ አይደል? የወደቀ ግንድ ይቆጠራል?»

ከተማ ግራ ገብቶት ሸምሰዲንን አየው። «የወደቀማ አይቆጠርም።»

«በኔ ጓሮ ነገ የቆመ ዛፍ ካላገኘህ ረድፉ በማን ላይ ያልፋል?»

«በርስዎ ላይ ነዋ» አለ ከተማ። ጀማለዲን ከወታደሮቹ መሃል ዞሮ «አጎቴ፣ ማሎ፣ ተው» አለ። ማሎ እባክህ ማለት ነው። አባቦራ አላየውም። ገመዱ የላጠውን የእጁን አንጓ እያሸ ወደ በረቱ ደጃፍ ሄደ።

«መድና፣ ተነሺ። የባልሽን መጥረቢያ አምጪልኝ» አላት።

መኪናው ጀማለዲንን ይዞ ሲነሣ ሽማግሌው አጥሩን አልፎ ዋንዛው ሥር ቆሟል። ትርፌ ወደ ጅማ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ብዙ ሳትርቅ የመጥረቢያው ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ ላቁም ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ንዳ አለችው።