የኦሊያድ የመጨረሻ ትርጉም

ፊልሙ አልቆ ሰዉ ከአግዳሚው ሲነሳ ከኋላ የሴት ጩኸት ተሰማ። የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ ኦሊያድ በኮምፔርሳቶ በተከለለች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ፣ ጭንቅላቱን ከኋላ በብረት ተመትቶ ማይክሮፎኑ ላይ ተደፍቷል። ሚስቱ ሶፍያ የአምስት ወር ልጇን እንዳዘለች አጠገቡ ቆማለች፤ እጇ ደም ነክቶታል።

ጊዜው 1990 ዓ.ም. ነው። ያኔ በሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ የፈረንጅ ፊልም ሲታይ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ንግግሩን ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። የኦሊያድ እንግሊዝኛ ይህን ያህል የሚያስመካ አልነበረም፤ ሰው ማሳቅ ግን ያውቅበታል። ተዋናዩ ከፎቅ ሲዘል፣ «ጤና ጣቢያ ወረፋ የሌለ መስሎት ነው» ይላል። ሰዉም የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ነበር።

ለፖሊስ ጣቢያው ነገሩ ያለቀለት ነው። አርባ ተመልካች የኦሊያድን ድምፅ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ሰምቷል፤ ከዚያ በኋላ በጓሮ በር የገባችው ሶፍያ ብቻ ናት። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ደግሞ ጎረቤት ሰምቷል። ነገ ፍርድ ቤት ቀርባ ከነልጇ ወህኒ ትወርዳለች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር እህተማርያም ሰው ሁሉ ቶሎ የተስማማበት ነገር አይጥማትም። ሶፍያን በምን እንደተጨቃጨቁ ጠየቀቻት።

«አሠሪህን ሽፈራውን ተወው፣ የራስህን ቪዲዮ ቤት ክፈት ብዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቱላ፣ ክፍል አግኝተን ነበር። ዛሬውኑ ንገረው ብዬ የሰደድኩት እኔ ነኝ» አለች ሶፍያ። «ልጄ እስር ቤት ልታድግ ነው፣ እህቴ?»

እህተማርያም የቪዲዮ ቤቱን ሰዎች ልትጠይቅ ወጣች።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አቶ ሽፈራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ መቀመጡን እያለቀሰ ተናገረ፤ እንባውም የውሸት አይመስልም። ትኬት ቆራጯ ብዙነሽ ግን ሽፈራው ሁልጊዜ በር ላይ ከእሷ ጋር ይቆም እንደነበር፣ ቁጭ ብሎ ፊልም ሲያይ ያየችው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ፖሊስ የኦሊያድን ክፍል ከነቪዲዮ ማጫወቻው ካሸገው ወዲህም ዴኬን መልሱልኝ እያለ ሁለት ጊዜ ጣቢያ መጥቷል።

የቤቱ ደንበኛ የነበሩት መምህር አምሳሉ መጨረሻ ተጠየቁ።

«ፊልሙ እንዴት ነበር?»

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹ አመለጠን። እኛ እየሳቅን እሱ ይቀጥላል። ሌላ ጊዜ ሳቃችን እስኪያልቅ ይጠብቀን ነበር።»

«ሌላስ?»

«አንድ ረጅም ሰውዬ ቴሌቪዥኑን ከልሎ ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን ኦሊያድ ልክ ልኩን ይነግረው ነበር። ያን ቀን ዝም አለው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ ሰዓት በፊት፣ እህተማርያም ሁሉንም የቪዲዮ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የሚያስቅ ሰው ሳቅ ይጠብቃል» አለች። «ኦሊያድ ያልጠበቀው ሳቁን ስላልሰማ ነው። ሰውዬውንም ያልሰደበው ስላላየው ነው። አርባ ሰው የሰማው ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ነበር።»

እሽጉን ፈትታ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴኩ ውስጥ የቀረውን ካሴት ወደ ኋላ አጠንጥና ከፈተችው። ማይክሮፎኑን የያዘ ሰው የለም፤ የኦሊያድ ድምፅ ግን አዳራሹን ሞላው። ብዙነሽ አማተበች።

«አቶ ሽፈራው፣ ካሴት የሚገለብጥ ሁለተኛ ዴክ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለሌላ ከተማ አከራየዋለሁ ብለው ድምፁን ፊልሙ ላይ አስቀዱት። ያን ቀን ፊልሙ ሳይጀመር ሊሄድ መሆኑን ሲነግርዎት መቱት፤ ካሴቱን ከፍተው ሰው ሁሉ እንዲያይዎት ፊት ተቀመጡ። ሲያልቅ ገብተው የእሱ ድምፅ በሌለበት ካሴት ሊቀይሩት አስበው ነበር፤ ሶፍያ ቀደመችዎት።»

ሽፈራው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «እሱ ከሄደ ማን ይመጣልኛል?» አለ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ካሴቱን ያጠፋው ሰው አልነበረም። ፊልሙ ውስጥ ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ኦሊያድ በወፍራም ድምፅ፣ «ስትቆጪ ታምሪያለሽ» አለ። ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ፣ «እንግዲያው ዕድሜ ልክህን ቆንጆ ሚስት አለችህ» ሲል መለሰ።

ሶፍያ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «የኔ መልስ ነው። ቤት ውስጥ ያልኩትን ነው የወሰደው» አለች። ቀጥላም ካሴቱን እንድትሰጣት እህተማርያምን ለመነቻት። «ይቺ ልጅ አባቷን በምን ታውቀዋለች?»

«ኤግዚቢት ነው፣ እህቴ። ፍርድ እስኪሰጥ አይወጣም። ከዚያም በኋላ ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ሶፍያ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ፊቷን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙራ አቀፈቻት። እህተማርያም በሩን ዘጋችና ካሴቱን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተችላቸው።