የዘገየው ትከሻ

«እጅሽን ዘርጊ፣ የኔ ቆንጆ።»

አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው ሴት እጆቿን ዘረጋች። 

ዕፀገነት ከብብቷ እስከ ወገቧ ዳበሰቻት። ከኋላ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ተሰልፈው ይገፋፋሉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም፤ በሐይቋ ከተማ ፒያሳ ያለው «ሰማያዊ ጀልባ» የምሽት ክበብ ግን ከወዲሁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሊሞላ ነው።

«ሽቶ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለች ዕፀገነት፣ የሴትየዋን ቦርሳ ከፍታ።

«ሽቶው አልቋል። የያዝኩት ጠርሙሱን ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው።

ዕፀገነት የጠርሙሱን ክዳን ነቀለች። ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ መዳፏ ላይ ወደቀች። ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ሁለት ሰከንድ አልፈጀባትም። በወንዶቹ በኩል የሚፈትሸው አማኑኤል፣ ዓይኑ ከሴቶቹ ሰልፍ የማይነቀለው አማኑኤል እንኳ ምንም አላየም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የአምሳሉ የሞት ወረቀት ሰክሮ ሐይቅ ገባ ይላል። እናቱ በዚያ ወረቀት የተነሳ ሰፈር ውስጥ ቀና ብለው አይሄዱም። አምሳሉ መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር። አስቀይሩልኝ።»

«ይቀየራል።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። አሁን ግቢ። አንድ ዘፈን ስሚና በጓሮ በር ውጪ። ዛሬ ቤትሽ አትደሪ።»

ሴትየዋ ሩሀማ ትባላለች። የአምሳሉ እጮኛ ነበረች። የፈተሸቻት ሴት የአምሳሉን ሸሚዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታጥብ እንደኖረች አታውቅም።

የሰው ልጅ ምን ምን እንደሚደብቅ ማወቅ የፈለገ፣ የምሽት ክበብ በር ላይ ይቁም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በነጠላ ጫማ መጥተው ባለ ተረከዙን ከፌስታል ያወጣሉ። በፀጉር ቅባት ጠርሙስ ጂን ሞልታ የምትመጣ አለች። ለቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የወረዱት ደግሞ ትኬት ስለገዙ ብቻ መነካት የሚቀርላቸው ይመስላቸዋል። ዕፀገነት በዚህ በር ሰባት ወር ቆማለች፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። እሷን የሚያውቃት የለም። በእውነተኛው መሥሪያ ቤቷ፣ በስለላ ቢሮው፣ መጠሪያዋ «መርፌ» ነው።

ካርዷ ውስጥ አሥራ አንድ ስም አለ። በሞያሌ መንገድ ወጣት እየጫኑ የሚያሻግሩትን ደላሎች እየተከታተሉ፣ ያዩትን ለአምሳሉ በድብቅ ይነግሩት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሹፌር፣ ሻይ ሻጭ፣ አልጋ አከራይ። ስማቸው ደላሎቹ እጅ ከገባ አንዳቸውም ሳምንት አያድሩም። የዕፀገነት ባልደረባ የነበረው አምሳሉ ዝርዝሩን ለገዛ መሥሪያ ቤታቸው እንኳ አልሰጠም። ከውስጥ የሚሸጠን ሰው አለ ይል ነበር። ካርዷን ለሩሀማ ሰጥቶ፣ «ከሴት እጅ በቀር እንዳትሰጪ» አላት። ማንን አስቦ እንደሆነ ዕፀገነት ታውቃለች።

ሩሀማ ሦስት ዓመት ደበቀቻት። ሰሞኑን የማታውቃቸው ሰዎች በቤቷ ዙሪያ ሲያንዣብቡ ፈራችና የአምሳሉ ቢሮ ደወለች። ስልኩን ያነሳው የመርፌ አለቃ ጌታቸው ነው፤ በሥራ ስሙ «ዋርካ»። ሩሀማ ሴት ካልመጣች አልሰጥም አለችው። ዋርካ መርፌን አዘዘ።

ዕፀገነትና አምሳሉ ለሥራው ሲባል ታቦር ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው ባልና ሚስት መስለው ኖረዋል። እሱ ሳሎን ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል፣ እሷ መኝታ ቤት። ጎረቤቱ ሁሉ «የአምሳሉ ሚስት» ይላታል። ወዳው ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሱም። የሞተ ዕለት ዋርካ ዕቃዋን አስይዞ ከቤቱ አስወጣት፣ ለቅሶ እንዳትደርስም አዘዘ። ድንኳን ሳትቀመጥ፣ ጥቁር ሳትለብስ ሦስት ዓመት አለፈ። መውጫ ያጣው ሐዘኗ ውስጧ ሲቀመጥ ቂም ሆነ።

ስልኳ ነዘረ። ዋርካ ነው።

«ዕቃው?»

«ገብቷል።»

«ከሁለት ዘፈን በኋላ። በመታጠቢያ ቤቱ መተላለፊያ።»

በሩን ለአማኑኤል ትታ ወደ አዳራሹ ገባች።

ባንዱ ሥራውን ጀምሯል። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ከጭንቅላታቸው በላይ ሰቅለው ይቀርጻሉ። ዘፋኟ ሰላማዊት ማይኩን ወደ ሰዉ ዘርግታ ታስዘፍናለች። ከፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሦስት ጎረምሶች ጋር ውስኪ ይጠጣል። ከተማው «ነጋዴው» ይለዋል። የሚነግደው በሰው መሆኑን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ ዕፀገነት አንዷ ነች።

ዋርካ ጥግ ላይ ለብቻው፣ ለስላሳ አስቀርቦ ተቀምጧል።

ዕፀገነት ወደ መድረኩ ጎን አለፈችና ኪቦርድ ለሚጫወተው ለካሌብ ጣቷን አሳየችው። ካሌብ ሳቀ። ሰባት ወር ሙሉ በየኮንሰርቱ የምትጠይቀው ያንኑ የጎጃም ምት ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዘፈን የከዳሽ ማነው?»

«አንተ ብቻ ተጫወት።»

የከዳትን ማንነት አታውቅም። ያላት አሥራ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ ነው። አምሳሉ በሞተበት ምሽት አንዲት ተማሪ እዚሁ አዳራሽ ቀርጻዋለች። ዕፀገነት ልጅቷን በር ላይ ስታገኛት፣ ልጅቷ ፈርታ ቪዲዮውን ላከችላትና ከራሷ ስልክ አጠፋችው። በቪዲዮው ላይ አምሳሉ እየሳቀ እስክስታ ይወርዳል። ፊት ለፊቱ ኮፍያ ያደረገ ሰው ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ይጨፍራል። አምሳሉ ከዚያ ሰው ጋር ወጣ፤ አልተመለሰም።

ፊቱ አይታይም። ትከሻው ግን ይታያል። ቀኙ ከከበሮው እኩል ይወርዳል፤ ግራው ግማሽ ምት ይዘገያል። ሰው ስሙን ይቀይራል፣ ጺሙን ያሳድጋል። የጭፈራ ምት ሲመታ ትከሻውን የሚጠብቅ ግን ማን አለ?

ካሌብ ምቱን ለቀቀው። አዳራሹ እንዳለ ተነሳ።

ዕፀገነት ግድግዳውን ተደግፋ ትከሻ በትከሻ አየች። የነጋዴው ጎረምሶች እንደ ነገሩ ናቸው። ነጋዴው ራሱ ሆዱን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። በባንኮኒው በኩል ያለው መምህር ጎበዝ ነው፤ ሁለቱም ትከሻው እኩል ይወርዳል። ዛሬም የለም ብላ ዓይኗን ልታነሳ ስትል፣ ጥጉ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ዋርካ አልተነሳም። ተቀምጦ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ሳያስበው ትከሻውን ጣል አደረገ።

ቀኙ ወረደ።

ግራው ዘገየ።

ስምንት ዓመት አብራው ስትሠራ ሲጨፍር አይታው አታውቅም። የባልደረቦቻቸው ሠርግ ላይ እንኳ የጨፋሪዎቹን ኮት ይዞ ይቆም ነበር። ዓይን አፋር ይመስላት ነበር፤ እንዲያውም ታዝንለት ነበር። ልትጮህ ፈለገች፣ ልታንቀው ፈለገች፣ ብርጭቆውን በፊቱ ላይ ልትሰብረው ፈለገች። ነገሩ ሁሉ ገባት። ዋርካ የሩሀማን መደወል ለበላይ አላሳወቀም። ካርዷን ተቀብሎ ከዚህ እስከ ነጋዴው ጠረጴዛ ድረስ ብቻ ነው የሚወስዳት።

ለዋናው ቢሮ ልትደውል ትችላለች። ይታሰራል፤ ይመረመራል። ምናልባት ይናገር ይሆናል፤ ያኔ የአምሳሉ ወረቀት ይቀየራል። ምናልባት ደግሞ በጠበቃ ይወጣል። ፍርድ ቤት የአንድ ሰው ግራ ትከሻ ዘገየ ተብሎ አይፈርድም።

ሁለተኛው ዘፈን ሊያልቅ ነው።

ስልኳን ከፈተችና የራሷን ሚሞሪ ካርድ አወጣች። ውስጡ ያለው ያ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ቅጂ የለውም። የአምሳሉን ሳቅ የምታይበት ሌላ ነገር የላትም። ሁለቱን ካርዶች መዳፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የሩሀማን ካርድ በራሷ ጫማ ውስጥ ከተተች፤ የራሷን በጣቷ ያዘች።

መተላለፊያው ሽንት ሽንት ይላል። ዋርካ እጁን እየታጠበ ነው።

«ውስጡን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም፣ ጋሽ ጌታቸው።»

«ጎበዝ። ሴትየዋስ?»

«ወጥታለች።»

«በየት በኩል?»

ጥያቄው ቸኩሏል።

«በባጃጅ። ወደ ቱላ።»

ሩሀማ የሄደችው በተቃራኒው ነው። ዋርካ የሰጠችውን ካርድ ኪሱ ከቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ዕረፍት ይገባሻል፣ ልጄ» አላት። አምሳሉን የመታበት እጅ ይህ ይሁን ያኛው እያሰበች ፈገግ አለችለት።

ወደ በሩ ተመለሰች። በተከፈተው መጋረጃ በኩል ከመድረኩ ፊት ያለውን ጠረጴዛ ታያለች። ዋርካ ሰላም ሊል እንደመጣ ሰው ጎንበስ አለ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ነጋዴው ካርዷን ስልኩ ውስጥ ከተተ።

ነጋዴው አሥራ አንድ ስም ጠብቆ ነበር። ያገኘው ከሦስት ዓመት በፊት የተገደለውን ሰላይ ነው፤ ከገዳዩ ጋር ሲጨፍር። የዋርካ ማስፈራሪያ መሰለው። ይህን የያዘ ሰው ሁሉንም ሊያሳስር ይችላል። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

ዕፀገነት መልእክት ላከች።

«ግራ ትከሻህ ይዘገያል።»

በስምንት ዓመት ውስጥ አንተ ብላው አታውቅም።

ዋርካ ስልኩን አየ። ቀና አለ። ዓይኑ በጭፈራው መሃል እየዋኘ መጥቶ እሷን አገኛት። አፉን ከፍቶ ወደ በሩ ሊጠቁም ሲል ሁለቱ ጎረምሶች ግራና ቀኝ አቀፉት። አንደኛው ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረው። ሦስተኛው ስልኩን ከእጁ ወሰደ።

በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር።

ጎረምሶቹ ዋርካን ደግፈው እየሳቁ ወጡ።

«ሰክሮ ነው፤ ቤቱ ልናደርሰው ነው» አለ አንደኛው ለፖሊሶቹ።

አምሳሉንም ያስወጡት በዚህ በር፣ በዚህ ቃል እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀች። ዋርካ አጠገቧ ሲደርስ እግሩን ጎተተ። ላብ ፊቱን አጥቦታል።

«ዕፀገነት… ልጄ… ልፈትሸው በያቸው። አስቁሚያቸው።»

የአምሳሉ እናት ትዝ አሏት። ቃሏም ትዝ አላት። ይህ ሰው በሕይወት ካልተናገረ ያ ወረቀት መቼም እንደማይቀየር አሳምራ ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ያልተቀመጠችበት ድንኳን ትዝ አላት።

«ሲወጣ አይፈተሽም» አለች።

መኪናው ሲነሳ አማኑኤል በሳቅ፣ «ሽማግሌው ዛሬ ቀምቅሟል!» አለ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ካርዷን ከጫማዋ አወጣችና በጥርሷ ሰበረቻት። ስብርባሪውን ውሃ ለቀቀችበት። ስሞቹን አላነበበችም። አሥራ አንድ ሰዎች በማግስቱ እንደ ልማዳቸው ሻያቸውን ይሸጣሉ፣ መኪናቸውን ይነዳሉ፤ ማን እንዳተረፋቸው አያውቁም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ መናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ሩሀማ ደወለች።

«አምሳሉን የገደለው ሰው ተያዘ?»

«ሞቷል።»

ከሩሀማ በስተኋላ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከመሞቱ በፊት ግን ተናገረ?»

«አልተናገረም።»

«ሌላ ማስረጃስ? ፎቶ፣ ድምፅ…?»

«ነበረ። አሁን የለም።»

«እንግዲያ ወረቀቱ…»

«እንዳለ ነው።»

ሩሀማ ማልቀስ ጀመረች። ዕፀገነት መስኮቱን ተደግፋ ሰማቻት። ይቅርታ ልትል ፈለገች፣ ተወችው። ዋርካ እንደገና ቢቆምላት እንደገና እንደምታሳልፈው ታውቃለችና፣ ብትለውም ውሸት ይሆን ነበር።

«አንቺ ግን አምሳሉን ታውቂው ነበር?» አለች ሩሀማ፣ አፍንጫዋን እየሳበች። «ምኑ ነሽ?»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ዕፀገነት ሲም ካርዱን ለማውጣት የስልኩን ጎን በጥፍሯ እየፈለገች ነበር።

«እኔ የበሩ ፈታሽ ነኝ» አለች።